የከተማ መሪ ቃልና የሕፃናት ትምህርት፤ በኢሉባቦር ከተሞች ምሳሌነት

የዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ፥ ከተሞች ስለ ራሳቸው የሚናገሩት አጭር ቃል ለሕፃናት የአገር እውቀት ማስተማሪያ ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ነው። ጸሐፊው የኖፓ ተወላጅ ስለ ሆነ፥ አብዛኛውን ምሳሌ ያወጣው ከመቱ፥ ከጎሬና ከአካባቢያቸው ከተሞች ነው። ነገሩ ግን የኢሉባቦር ብቻ አይደለም። መምህራን የሆኑም ሆነ ወደ ፊት መምህራን የሚሆኑ ጓደኞቼ በየተወለዱበት አገር ሊሞክሩት ይችላሉ።

መሪ ቃል ምንድን ነው?

በብዙ አገሮች ከተማ የራሱ ማኅተም አለው። በማኅተሙ ላይ ሥዕል፥ ከሥዕሉም ሥር አንድ አጭር ቃል ይቀረጻል። ይህን ቃል ዛሬ በአማርኛ መሪ ቃል እንለዋለን። መፈክር የሚለው ቃልም ከዚህ አይርቅም፤ ነገር ግን ከ1966 ዓ. ም. ወዲህ መፈክር ሲባል ሰው የሚያስበው ሰልፍንና የመንግሥትን ጨርቅ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ መሪ ቃል የሚለውን መርጠናል። ይሁን እንጂ መፈክር ከፉከራ ጋራ አንድ ሥር እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ፎካሪ ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ሁሉም እውነት ነው ማለት ደግሞ አይቻልም። ፎካሪው የሠራውን፥ ሊሠራ የሚመኘውን፥ ጠላቱም እንዲሰማው የሚፈልገውን አንድ ላይ ያስተባብራል። የከተማ መሪ ቃልም እንደዚሁ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከውጭ አገር ሦስት ከተሞችን እንመልከት። በፓሪስ ማኅተም ላይ መርከብ ተሥሏል፤ ቃሉም «ትናወጣለች እንጂ አትሰጥምም» ማለት ነው። መርከቡ የመጣው በመካከለኛው ዘመን በሴን ወንዝ ላይ ይነግዱ ከነበሩት የጀልባ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ቃሉ በከተማው አስተዳደር የጸናው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1853 ሲሆን፥ በ2015 በከተማዪቱ ላይ የሽብር አደጋ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ይህንኑ ቃል በየግድግዳው ጽፎት ታይቷል። ዲትሮይት የምትባለው የአሜሪካ ከተማ በ1805 በእሳት ጠፍታ ነበር፤ ቃሏም «የተሻለውን ተስፋ እናደርጋለን፤ ከአመድ ትነሣለች» የሚል ነው። ቺካጎ ደግሞ በ1837 «ከተማ በአትክልት ውስጥ» የሚል ቃል መረጠች። ነገር ግን ቺካጎ በኋላ የታወቀችው በባቡር ሐዲድና በከብት ማረጃ ነው። ሆኖም ከ1869 ጀምሮ ሰፋፊ መናፈሻዎች እንዲሠሩ ተወሰነ፤ አስቀድሞ የተነገረው ፉከራ በኋላ እንደ ዕዳ ተቈጠረ ለማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ከሦስቱ የምንረዳው ይህ ነው። የመጀመሪያው ቃል የከተማውን ሥራ፥ ሁለተኛው የደረሰበትን መከራ፥ ሦስተኛው ምኞቱን ይገልጻል። አንድ ሕፃን ይህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ከቻለ፥ ጂኦግራፊንና ታሪክን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማንበብ ተማረ ማለት ነው።

በእኛ አገር በምን ይገኛል?

በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ በላቲን ቃል የተቀረጸ የከተማ ማኅተም የለም። ስለዚህ መምህሩ «እኛ መሪ ቃል የለንም» ብሎ የፓሪስን ብቻ ሊያስተምር ይፈተናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ የመሪ ቃልን ሥራ የሚሠሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው፤ ሁለተኛው ሰው በአፉ የሚሰጠው ቅጽል ነው፤ ሦስተኛው ዛሬ በከተማ መግቢያ ላይ ከ«እንኳን ደኅና መጡ» ጋራ የሚጻፈው ቃል ነው።

ስለ ስም ስንናገር የፈረስን ስም መርሳት አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም የጌታው መሪ ቃል ነው፤ በሁለት ቃል ጠባዩን፥ ሥልጣኑን ወይም ምኞቱን ይናገራል። ይህ ልማድ በኦሮሞ ነገሥታትና ባላባቶች ዘንድም የጸና ነበር፤ የጅማው አባ ጅፋር ለዚህ በቂ ምስክር ናቸው።

እንግዲህ የአገራችንን ስም እንመልከተው። ኢሉባቦር ብለን በአንድ ትንፋሽ የምንጠራው ስም፥ በኦሮምኛ ሲነገር ኢሉ አባ ቦራ ነው። ኢሉ የሰውና የነገድ ስም ነው፤ አባ ቦራ ደግሞ የፈረስ ስም ነው፤ ቦራም በፈረስ መልክ የሚወጣ ስም ነው። በአማርኛ ጽሕፈት ስሙ አንድ ጊዜ ኢሉባቦር፥ አንድ ጊዜ ኢሊባቡር እየተባለ ሲጻፍ ሦስቱ ቃላት ተዋሕደው ቀሩ።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ይህን ስም በደብተሬ ሽፋን ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንድ ቀን አያቴ ደብተሬን እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብሁላቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «አንተ ልጅ፥ ፈረሱ የት ገባ?» አሉኝ። የምን ፈረስ እንደ ሆነ ስላልገባኝ ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም፤ ስሙን ከፋፍለው ሦስት ጊዜ አስጠሩኝ። ያን ዕለት የተማርሁትን ያህል ስለ አገሬ በአንድ ቀን የተማርሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ይህችንም ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው። ሕፃን የአገሩን ስም እየጻፈ በውስጡ ያለውን ነገር ካልሰማ፥ ሌላው ስለ አገሩ የሚነግረውን ሁሉ እንደዚሁ ሳይሰማ መቀበልን ይለምዳል።

አራት ጥያቄዎች

መምህሩ ሕፃናቱን ስለ ማንኛውም ስም፥ ቅጽል ወይም መሪ ቃል አራት ጥያቄዎች እንዲጠይቁ ቢያስለምዳቸው በቂ ነው። እነዚህም፥ ማን ተናገረው? መቼ ተናገረው? ምኑ እውነት ነው? ምንን ሳይናገር ተወ? የሚሉት ናቸው። ጥያቄዎቹ ቀላል ቢመስሉም መልሳቸው ብዙ ነገር ይገልጣል። አስቀድመን ሁሉ በሚያውቃቸው በሁለት ከተሞች እንሞክራቸው።

አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ዘመኑም 1879 ዓ. ም. ነው። አበባው እውነት ነው። ነገር ግን ስሙ የማይናገረው ነገር አለ፤ ከተማዪቱ ከተቈረቈረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማገዶ እንጨት አልቆባት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር። ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይኸው ቦታ በኦሮምኛ ፊንፊኔ ይባላል፤ ይህም ፍል ውሃውን የሚያመለክት ነው። እንግዲህ አንዱ ስም አበባውን፥ ሌላው ውሃውን አየ ማለት ነው። ሕፃኑ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አድርጎ ቢመለከት፥ ከአንዱ የሚቀርበትን ከሌላው ያገኛል።

ሐረር ዛሬ የሰላም ከተማ ትባላለች። ይህን የተናገረው ሕዝቧ ብቻ አይደለም፤ ዩኔስኮም በፈረንጆች አቆጣጠር ለ2002–2003 ለሰላም ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቷታል። ነገር ግን ጁገል የሚባለውን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ግንብም የሚሠራው ጠላት ሲፈራ ነው። ስለዚህ «የሰላም ከተማ» የሚለውን ቃል ከግንቡ ጋራ ያየ ሕፃን፥ ሰላም በአንድ ዘመን የነበረ ሳይሆን በብዙ ዘመን የተገኘ መሆኑን ይረዳል።

ጥያቄዎቹ በኢሉባቦር ከተሞች ላይ

ጎሬ። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች፤ ከዚያም የኢሉባቦር ዋና ከተማ ሆና ብዙ ዘመን ቈይታለች። ጣልያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በ1928 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው በጎሬ ነው፤ እንደራሴው ራስ እምሩ ነበሩ። ከተማዪቱ በጣልያን እጅ የገባችው በኅዳር 1929 ዓ. ም. ነው። ዋና ከተማነቱ በ1970 ዓ. ም. ገደማ ወደ መቱ ተዛወረ። እንግዲህ «ዋና ከተማ ጎሬ» የሚለው ቃል በአንድ ዘመን እውነት ነበረ፥ ዛሬ ግን እውነት አይደለም። «መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ለማስተማር ከጎሬ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የጎሬ ልጅ ስለ ከተማው መሪ ቃል ጻፍ ቢባል፥ የቀረውን ማዕርግ እያሰበ ከማዘን ይልቅ፥ አገር መሪ ባጣ ጊዜ መንግሥት ለጥቂት ወራት በዚህ ኰረብታ ላይ እንደ ቈመ ቢጽፍ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

መቱ። መቱ ከጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ በሶር ወንዝ አጠገብ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ገበያ ነበረች፤ ከዚያ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ከ2004 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ስለ መቱ ነጋዴውን ብትጠይቀው ቡናውንና ማሩን፥ ጸሐፊውን ብትጠይቀው ቢሮውን፥ ተማሪውን ብትጠይቀው ዩኒቨርሲቲውን ይነግርሃል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። እዚህ ላይ ሕፃኑ የሚማረው «ማን ተናገረው?» የሚለውን ነው፤ አንድ ከተማ እንደ ተናጋሪው ብዙ መልክ አለው።

ጋምቤላ። ዛሬ ራሱን የቻለ ክልል ቢሆንም፥ ጋምቤላ ቀድሞ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ በግንቦት 1894 ዓ. ም. በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ከጎሬና ከአካባቢው የሚወጣው ቡና በበቅሎ ተጭኖ በቡሬ በኩል እየወረደ ጋምቤላ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ስለዚህ ጋምቤላ «ወደብ» ተባለ። ነገር ግን መርከብ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፥ ማለት በክረምት ብቻ ነበር፤ ያም የንግድ ጕዞ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ወደብ የሚለው ቃል የዓመቱን አንድ ክፍል ተናግሮ የቀረውን ተወ፤ በቅሎ ነጂውንም አላነሣም። ሕፃናቱ «ምንን ሳይናገር ተወ?» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ተሸካሚውን ነው።

ያዮ። ኢሉባቦር የደን፥ የቡናና የማር አገር ነው ሲባል እንሰማለን። ይህን ቃል የሚያጸና ምስክር በያዮ አለ። የዐረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት የያዮ ደን፥ በ2002 ዓ. ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም 167,000 ሄክታር ያህል ነው። ነገር ግን በዚያው በያዮ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል አለ። በከሰሉ የሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ከ2004 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ ሥራ ተጀምሮ፥ በታሰበለት ጊዜ ሳይፈጸም ቀርቷል። ደንና ከሰል በአንድ ስፍራ ሲገናኙ፥ «የደን አገር» የሚለው ቃል እንዲሁ የሚነገር ማሞገሻ መሆኑ ይቀርና ክርክር ይሆናል። የቺካጎን ታሪክ እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። አንድ አገር ስለ ራሱ የተናገረውን ቃል ልጆቹ በቁም ነገር ከያዙት፥ ቃሉ ጠባቂ ያገኛል።

በደሌ። በደሌ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ነው። ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀው ግን በ1985 ዓ. ም. ሥራ በጀመረው የቢራ ፋብሪካ ምክንያት ነው። በደሌን አይቶ የማያውቅ ሰው ስሙን ከጠርሙስ ላይ አንብቦታል። ይህ የነጋዴ ቃል ነው፤ ስሙን ያስተዋውቃል፥ ስለ ቦታው ግን ምንም አይናገርም። ሕፃናት ስምን ከእውቀት እንዲለዩ ለማስተማር ይህ መልካም ምሳሌ ነው።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጣል?

ይህ ትምህርት ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ሕፃናት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ የከተማውንና የቀበሌውን ስም በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ቃሉ የሚከፈል ከሆነ ይከፋፍለዋል። ስሙ የኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ይነገር፤ ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩትን ቋንቋ በክፍል ውስጥ የእውቀት መክፈቻ አድርገው ማየታቸው ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ከዚያም የቤት ሥራ ይሰጣል። እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ሰዎች ይጠይቅ፤ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት፥ አንድ ነጋዴ፥ አንድ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ሰው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ይህ ከተማ በምን ይታወቃል?»

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መልሶቹ ይሰበሰባሉ። መምህሩ የተለያዩትን መልሶች እንዲስማሙ አያስገድዳቸው። ይልቁንም አራቱን ጥያቄዎች ከላይ ጽፎ እያንዳንዱን መልስ በየጥያቄው ሥር ያስመርምር። ቢቻል ልጆቹን ይዞ ወደ ገበያው፥ ወደ ወንዙ፥ ወደ መናኸሪያው ይውጣ፤ የተባለው ነገር በዓይን ይታይ እንደ ሆነ ራሳቸው ይመስክሩ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ከአምስት ቃል የማይበልጥ መሪ ቃል ለከተማው ይጽፋል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ይኑር፤ ምስክር የሌለው ቃል አይጻፍ። «ውብ ከተማችን» ብሎ የጻፈ ልጅ፥ ውበቱ ምን እንደ ሆነ ጣቱን ዘርግቶ ማሳየት አለበት። መምህሩም ማርክ የሚሰጠው ለቃሉ ማማር ሳይሆን ለምስክሩ ጽናት ነው። ይህ ሕግ ከተጠበቀ፥ ልጆቹ ከማሞገስ ወደ ማስተዋል ይሻገራሉ።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፥ ሕፃን የአገሩን መሪ ቃል እንዲጠይቅ ከተማረ አገሩን መውደድ ይተዋል የሚል ነው። እኔ ግን ተቃራኒው ይመስለኛል። አያቴ «ፈረሱ የት ገባ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ስሙን አላቃለሉም፤ ከመቅለል አዳኑት እንጂ። ሰው የሚወደውን ነገር ይጠይቃል፤ የማይወደውን ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። በዘመናችን የቦታ ስም የጠብ ምክንያት ሆኗል፤ ስለዚህ መምህሩ እሳት ባይነካ ይሻለዋል ይባላል። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ዝም በማለት ጠቡ አይበርድም፤ ልጁ በክፍል ያላገኘውን መልስ በመንገድ ላይ ያገኘዋል፤ የሚያገኘውም ከሚጮኸው ሰው ነው። መምህሩ ሁለት ስም ሲገጥመው «የትኛው ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ አይገባውም። «ይህ ስም ምን አየ? ያኛውስ ምን አየ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ልጆቹ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰዎች ቈመው ሁለት እውነት ሊያዩ እንደሚችሉ ይማራሉ። ከዚህ የበለጠ የዜግነት ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

መደምደሚያ

በጠቅላላው ለማስረዳት የሞከርነው ይህ ነው። የከተማ መሪ ቃል ፉከራ ስለ ሆነ፥ እንደ ፉከራ መሰማት አለበት። ምኞቱን ማክበር፥ እውነቱን መመርመር፥ ያስቀረውንም መፈለግ ይገባል። የኢሉባቦር ልጆች ለዚህ የሚያስፈልጋቸው ሁሉ በደጃቸው አለ፤ የተዛወረ ዋና ከተማ፥ መርከብ የቀረበት ወደብ፥ ከሰል ያለበት ደን፥ ፈረስ የጠፋበት ስም።

ስለ ኖፓ ግን እስካሁን ምንም አልተናገርሁም። ኖፓ ትንሽ ከተማ ስለ ሆነች ስለ እርሷ የተጻፈ መሪ ቃል አላየሁም። ይህን እንደ ጕድለት አልቈጥረውም። ቃል ያልተጻፈላት ከተማ ልጆቿ ራሳቸው ሊጽፉላት የምትጠብቅ ከተማ ናት። በሚመጣው ክረምት ወደ ቤተሰቦቼ ስመለስ የሠፈሬን ልጆች ሰብስቤ እጠይቃቸዋለሁ፤ የሚጽፉትን ቃል አስቀድሜ አላውቅም፥ ምስክሩን ግን አብሬያቸው ሄጄ አያለሁ። ከተለያየ አውራጃ የመጣችሁ ጓደኞቼም እንደዚሁ ብታደርጉና ያገኛችሁትን በዚህ መጽሔት ብትገልጹት፥ ከአንድ ዓመት በኋላ ማንም ብቻውን ሊጽፈው የማይችል የአገር መግለጫ በእጃችን ይኖራል።